«ኮም 1 አስቸግሯል» ብላችሁ አትጻፉልን

በአውሮፕላን ብልሽት መዝገብ ላይ ከማነበው ሁሉ በጣም የሚያናድደኝ «ኮም 1 አስቸግሯል» የሚለው ነው። ኮም 1 አብራሪው የሚነጋገርበት አንደኛው ሬዲዮ ነው፤ ሁለተኛው ኮም 2። ምን ሆነ? አልሰማ አለ? አላሰማ አለ? ጮኸ? ጠፋ? መቼ? የጻፈው ሰው ያውቀዋል፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። በማግስቱ አውሮፕላኑን ከሃንጋር አውጥቼ ስሞክረው ሬዲዮው ምንም አልሆነም። ከዚያ እኔም «ተሞክሯል፣ ችግር አልተገኘም» ብዬ እፈርማለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ሰው ያንኑ ቃል ይደግመዋል።

የምሰራው ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ካሉት ትንንሽ ኤርፖርቶች በአንዱ ነው። ሥራዬ የትንንሽ አውሮፕላን ኤሌክትሪክና ሬዲዮ ነው። አብዛኞቹ ሴስና 172 እና ፓይፐር ናቸው፤ የበረራ ትምህርት ቤት ከጧት እስከ ማታ የሚያለፋቸው። እዚህ አካባቢ አበሻ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። አሁን አሁን ከመካከላችን በረራ የሚማረው በዝቷል፤ ቀን ተምሮ ማታ ኡበር የሚነዳም አለ። ስልክ ቁጥሬ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፍና «ጋሼ፣ እንዲህ የሚል ድምፅ ይሰማኛል፣ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አላጣም። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ጥገናውን ፈቃድ ላለው ሰው ተዉት። ችግሩን ለይቶ መናገር ግን የአብራሪው ድርሻ ነው፤ ብልሽቱ ሲከሰት እዚያ ያለው እሱ ብቻ ነውና።

ሌላ ቦታ ቢሆን ሬዲዮ መጥፋቱ ያን ያህል ላያስጨንቅ ይችላል። የመቆጣጠሪያ ማማ (ታወር) የሌለው ኤርፖርት ላይ ዙሪያን እያዩ ማረፍ ይቻላል። እኛ ጋ ግን ሌላ ነው። ዋሽንግተንን 30 ኖቲካል ማይል ያህል የሚከብ፣ ከመሬት ተነስቶ 18,000 ጫማ ድረስ የሚዘልቅ ልዩ የበረራ ሕግ ያለው ክልል አለ። እዚያ ውስጥ ለመብረር ዕቅድ ማስገባት፣ ለእናንተ ብቻ የተሰጠ የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ) ኮድ መያዝ፣ ከተቆጣጣሪው ጋርም በሬዲዮ መገናኘት ግዴታ ነው። ሳይፈቀድለት የሚገባ ወይም ዝም ብሎ የሚሄድ አውሮፕላን ከመሬት ቀይ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ የሚል ሌዘር ይበራበታል። እሱ ካልገባው ሄሊኮፕተር ይመጣል፤ ተዋጊ ጄትም ሊመጣ ይችላል። የላላ የሄድሴት ጃክ (የጆሮ ማዳመጫው የሚሰካበት ቀዳዳ) ለዚህ ሁሉ ሊዳርግ ይችላል ስል እያጋነንኩ አይደለም።

እሺ፣ ወደ ሥራው። ራሱ የሬዲዮው ሳጥን የሚበላሸው አልፎ አልፎ ነው። የሚበላሸው ዙሪያው ነው። ጃኩ፣ ሽቦው፣ የአንቴናው ገመድ፣ ስዊቹ፣ ግራውንዱ (ጅረቱ የሚመለስበት መስመር)። ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ስክሪን ያለውን ዕቃ ነው። ሳጥኑን አውጥቶ ወደ ጥገና መላክ ገና ሳይነካ በብዙ መቶ ዶላር ይጀምራል፤ ጃክ የጥቂት ዶላር ዕቃ ነው።

ከሁሉም በፊት በየትኛው ሬዲዮ እንደምትናገሩና እንደምትሰሙ የሚመረጥበትን የኦዲዮ ፓነሉን እዩ። ማይኩ ወደ ኮም 2 ተመርጦ ጆሮው ኮም 1 ላይ ቀርቶ «ተቆጣጣሪው አይመልስልኝም» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ድምፅ መቀነሻው ተዘግቶ፣ ስኩዌልቹ (ማንም በማይናገርበት ጊዜ ያለውን ጩኸት የሚዘጋው) ከልክ በላይ ተጠብቆ፣ የኢንተርኮሙ ቁልፍ ለብቻ መስሚያ ላይ ተደርጎ... እነዚህን ለማየት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ብታዩዋቸው ለእኔም ለእናንተም እፎይታ ነው።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ችግሩ መስማት ላይ ነው ወይስ ማሰማት ላይ? ሁለቱም ከሆነ አንድ መንገድ ነው፣ አንዱ ብቻ ከሆነ ሌላ። ትሰማላችሁ ግን ሌላው አይሰማችሁም እንበል። ሄድሴታችሁን ነቅላችሁ የጎን ወንበር ጃክ ላይ ሰኩት። እዚያ ከሰራ ጃኩ ወይም የእናንተ ወገን የመናገሪያ ቁልፍ ነው። ካልሰራ የሌላ ሰው ሄድሴት ሞክሩ። ከዚያ በኮም 2 ሞክሩ። በኮም 2 ጥሩ ከሆነ ማይካችሁም ጃካችሁም ቁልፋችሁም ነፃ ወጡ፤ የቀረው ኮም 1 እና አንቴናው ነው። ይሄን ሁሉ አውሮፕላኑን መሬት ላይ መንዳት ከመጀመራችሁ በፊት ቆማችሁ ልትጨርሱት ትችላላችሁ። መዝገቡ ላይ «ኮም 1፣ ከሁለቱም ወንበር፣ በሁለት ሄድሴት፣ ይሰማል አያሰማም፤ ኮም 2 ደህና» ብላችሁ ብትጽፉልኝ የግማሽ ቀን ሥራ አቀለላችሁልኝ ማለት ነው።

ስለ ጃክ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ኑሮዬ በአብዛኛው እሱ ነው። ሴስናና ፓይፐር ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። ወፈር ያለው፣ 6.3 ሚሊሜትር የሆነው፣ ለጆሮ ነው። ቀጠን ያለው 5.2 ሚሊሜትር ለማይክ ነው። የማይኩ ላይ ሦስት ነገር ነው የሚነካካው፦ ድምፁ፣ የመናገሪያ ቁልፉና ግራውንዱ። በቀን አሥር ጊዜ ሲሰካና ሲነቀል፣ በጉልበት ሲገፋ፣ ሰው ሲወርድ ገመዱን ሲጎትተው፣ የውስጡ ምላስ ይላላል። ከዚያ ገመዱን ስትነኩት ድምፁ ይቆራረጣል። ሌላም አለ። ጃኩ ከአውሮፕላኑ ብረት በፕላስቲክ ቀለበት ተለይቶ መታሰር አለበት፤ ግራውንዱን የሚያገኘው በራሱ ሽቦ ከኦዲዮ ፓነሉ ነው። አንድ ሰው ጃኩን ሲቀይር ያችን ቀለበት ጥሏት ከሆነ ጃኩ ብረቱን ይነካል። ያኔ የኦልተርኔተሩም (ሞተሩ የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ) ብልጭ ብልጭ የሚለው የስትሮብ መብራቱም ጩኸት በብረቱ በኩል ጆሯችሁ ውስጥ ይገባል። ለወራት ማጣሪያ ሲቀያየርበት የቆየ አውሮፕላን በሁለት የፕላስቲክ ቀለበት ሲድን አይቻለሁ።

ጩኸት ከተነሳ፣ ጆሯችሁ ጥሩ መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ጩኸት የራሱ ጠባይ አለው። ጋዝ ስትጨምሩ እየቀጠነ የሚወጣ፣ ስትቀንሱ አብሮ የሚወርድ ፉጨት የኦልተርኔተር ነው። ለማረጋገጥ መሬት ላይ ቆማችሁ ለሁለት ከተከፈለው ዋና ማብሪያ፣ ከማስተር ስዊቹ፣ የኦልተርኔተሩን ግማሽ ለአፍታ አጥፉት። ፉጨቱ ከሄደ ጥፋተኛው ታወቀ፤ አንዱ ዳዮድ ተቃጥሎ ወይም ማጣሪያው ደክሞ ወይም ግራውንዱ ዝጎ ይሆናል። በየሰከንዱ አካባቢ እየተመላለሰ የሚመጣ ፉጨት ከሆነ የክንፍ ጫፍ ስትሮብ ነው። አጥፉትና ስሙ።

ጠቅ ጠቅ የሚል፣ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚፈጥን ከሆነ ግን ማግኔቶ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ማግኔቶ ከባትሪ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ለካንዴላዎቹ የሚሆነውን እሳት ራሱ ያመነጫል። ለዚህ ነው ኤሌክትሪክ ሁሉ ቢጠፋ ሞተሩ የማይቆመው። ማግኔቶን የምናጠፋው አንዲት ሽቦ ከግራውንድ ጋር ስታገናኘው ነው። የዚያች ሽቦ መሸፈኛ ከላላ ሬዲዮ ውስጥ ጠቅ ጠቅ ይሰማል። ሽቦዋ ጨርሳ ከተበጠሰች ደግሞ ቁልፉ «ጠፍቷል» ቢልም ማግኔቶው በርቷል፤ ፕሮፔለሩን በእጅ የሚያዞር ሰው ሞተሩ ሊነሳበት ይችላል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ማግኔቶ ስትፈትሹ ሁለት ነገር አብራችሁ ያዙ። አንደኛ፣ ወደ አንዱ ማግኔቶ ብቻ ስታዞሩት ጩኸቱ ከጠፋ፣ የሚጮኸው ያኛው የጠፋው ነው። ሁለተኛ፣ ስታዞሩት የሞተሩ ፍጥነት ምንም ካልወረደ ደስ አይበላችሁ። ትንሽ መውረድ አለበት። ካልወረደ የጠፋ የመሰላችሁ ማግኔቶ አልጠፋም ማለት ነው። ይሄን ለሰው ሁሉ ንገሩ፣ ፕሮፔለሩንም ማንም እንዳይነካ አድርጉ።

ርካሽ የስልክ ቻርጀር ሌላው ጣጣ ነው። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው፣ ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው። ውስጡ ያለው ዕቃ በከፍተኛ ፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው የሚሰራው፣ ያ ደግሞ እኛ የምንነጋገርበት ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል ውስጥ ጩኸት ይረጫል። አንዳንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብቻ ስለሚሰማ ሰው ሬዲዮው ታሞ ይመስለዋል። ንቀሉት። ድምፁ ከሄደ ወደ እኔ አትምጡ። አንዳንድ ተቀይረው የገቡ የኤልኢዲ መብራቶችም እንዲሁ ናቸው፤ የማረፊያ መብራቱን ስታበሩ ስኩዌልቹ ራሱን ከከፈተ ያንን ጻፉ።

አሁን ስለ አንቴና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እኔ ጋም ክርክር የሚነሳው። «ጋሼ፣ ሬዲዮው ጤነኛ ነው፣ መሬት ላይ ታወሩ ጥርት አድርጎ ሰማኝ እኮ!» ይሰማሃላ። ታወሩ አጠገብህ ነው። የአንቴናው ገመድ ጨርሶ የተበጠሰ ሬዲዮ እንኳን አንድ ማይል ሊደርስ ይችላል። መሬት ላይ ደህና ሆኖ አሥር አሥራ አምስት ማይል ስትርቁ የሚጠፋ ሬዲዮ ካለ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው አንቴናውንና ገመዱን ነው። በ5,000 ጫማ ከፍታ ላይ ስትሆኑ፣ ሜዳ ላይ ካለ ጣቢያ ጋር ሰማንያ ማይል ያህል መነጋገር መቻል አለባችሁ፤ ሞገዱ በቀጥታ መስመር ስለሚሄድ ከፍታችሁ ነው የሚወስነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ስትዞሩ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የአውሮፕላኑ አካል አንቴናውን እየከለለው ሊሆን ይችላል። ያንንም ጻፉት፦ «ወደ ሰሜን ስንሄድ ጠፋ፣ ስንዞር ተመለሰ»።

ከዝናብ በኋላ ወይም አውሮፕላኑ በታጠበ ማግስት የሚመጣ ችግር የአንቴናው መቀመጫ ነው። ሥሩ ያለው ማሸጊያ ይሰነጠቅና ውሃ ይገባል። ከዚያ አልሙኒየሙ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ አንቴናው ከአውሮፕላኑ ቆርቆሮ ጋር ያለውን ግንኙነት ያጣል። እኔ አንቴናውን ፈትቼ፣ ሥሩን እስኪያበራ አጽድቼ፣ ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ አይቼ፣ የተመለሰውን ኃይል በዋትሜትር ለክቼ ነው የምዘጋው። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ቅድመ በረራ ስታዩ አንቴናውን በሁለት ጣት ቀስ ብሎ መነቅነቅ ነው። የሚነቃነቅ አንቴና ጤነኛ አይደለም።

የተጣበቀ ማይክም አለ። የመናገሪያው ቁልፍ እንደተጫነ ይቀራል፤ ወይም ማንም የማይጠቀምበት የእጅ ማይክ ወንበር ኪስ ውስጥ መጽሐፍ ይጫነዋል። ያኔ እናንተ ምንም አትሰሙም፣ ፍሪኩዌንሲው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ግን የእናንተን ሞተርና ወሬ ይሰማል። አንድ ተማሪ ከእኔ ዘመድ ጋር ስለ ሠርግ ወጪ የተነጋገረውን ግማሹ ሜሪላንድ ሰምቶታል። ድንገት ዓለም ጸጥ ካለባችሁ ሬዲዮው ላይ የማስተላለፊያ ምልክቱ በርቶ እንደሆነ እዩ። በርቶ ከሆነ ሄድሴቱን ንቀሉ፣ የእጅ ማይኩንም ንቀሉ፣ ምልክቱ የጠፋበትን ጊዜ ልብ በሉ።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንሂድ፤ ብዙ ጊዜ «የሬዲዮ ችግር» የሚባለው የቮልት ችግር ነው። ሬዲዮ ሲያዳምጥ የሚበላው ጥቂት ነው፤ ስታወሩበት ግን ብዙ አምፔር ይስባል። ስለዚህ እያዳመጠ ደህና የነበረ ሬዲዮ መናገሪያውን ስትጫኑ ስክሪኑ ከጠፋና ተመልሶ ከበራ፣ ሳጥኑን አትውቀሱት። የሚበቃ ቮልት አልደረሰውም። ሴስና 172 እስከ እ.ኤ.አ. 1977 ሞዴል ድረስ ባለ 14 ቮልት ነው፤ ከ1978 ሞዴል ጀምሮ ባለ 28። ሞተሩ እየሰራ 14ቱ ወደ 13.8 አካባቢ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ 28ቱ ደግሞ ወደ 28 ማሳየት አለበት። 12.5 ወይም 25 ካያችሁ የምታዩት ባትሪውን ብቻ ነው፤ ኦልተርኔተሩ ሥራ ፈቷል። የቮልት መለኪያ የሌለው አውሮፕላን ከሆነ ርካሽ የሚሰካ ቮልቲሜትር ግዙ። የማረፊያ መብራቱን አብሩና ቁጥሩ ምን ያህል እንደወረደ እዩ፤ ቁጥሩን ጻፉልኝ። ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የአምፔር መለኪያው መርፌ እንደ ልብ ትርታ የሚዘል አሮጌ ሴስና መጣልን። ባለቤቱ ሌላ ቦታ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ተቀይሮለት፣ አልሆን ሲል ኦልተርኔተሩ ተቀይሮለት፣ አሁንም መርፌው ይዘላል። ሰውዬው ተስፋ ቆርጧል። እኔ መልቲሜትሬን ይዤ ወደ ኦልተርኔተሩ ሳልሄድ ሽቦውን ኤሌክትሪኩ ከሚከፋፈልበት ከባስ ባሩ ጀምሮ ተከተልኩት። ሽቦ ሳይሰራ በኦም ብትለኩት ደህና ይመስላል፤ አንዲት ክር ብቻ ብትቀረው እንኳን ኦሙ ዜሮ ይላል። መለካት ያለበት ጅረት እያለፈበት ነው። አንዱን የመለኪያ ጫፍ ከስዊቹ ፊት፣ ሌላውን ከስዊቹ ኋላ። ጤነኛ ከሆነ የዜሮ ጎረቤት ነው መታየት ያለበት። ያኛው ማስተር ስዊች ላይ ግን አንድ ቮልት ተኩል ቀርቶ ነበር። ስዊቹ ውስጡ ተቃጥሎ፣ መቆጣጠሪያው ዝቅ ያለ ቮልት እያነበበ፣ ጨምር ሲል፣ ሲበዛበት ቀንስ ሲል፣ መርፌው የሚዘለው ለዚህ ነው። እነዚያ ቀይ ባለሁለት ግማሽ ስዊቾች ሲያረጁ ይሄን ማድረግ ልማዳቸው ነው። ስዊቹ ተቀየረ፣ መርፌው ቆመ።

አየር ላይ የዝቅተኛ ቮልት መብራት ቢበራ የአውሮፕላኑ መመሪያ የሚለውን ተከተሉ። በአብዛኛው የኦልተርኔተሩን ግማሽ ስዊች አንድ ጊዜ አጥፍቶ ማብራት ነው፤ የቮልት መብዛት መከላከያው ዘሎ ከሆነ ይመለሳል። ካልተመለሰ የማያስፈልገውን ሁሉ አጥፉ፦ የማረፊያ መብራት፣ ሁለተኛ ሬዲዮ፣ ከደመናና ከበረዶ ውጭ ከሆናችሁ የፒቶ (የፍጥነት መለኪያው ቱቦ) ማሞቂያውን። ባትሪው እያለ ለተቆጣጣሪው ንገሩ፣ አሳጥራችሁ። ሬዲዮው ጨርሶ ቢጠፋ፣ ትራንስፖንደሩ እየሰራ ከሆነ 7600 አስገቡበት፤ «ሬዲዮ ጠፍቶብኛል» ማለት ነው። ታወሩ ወደ እናንተ የሚያበራው የማይጠፋ አረንጓዴ «እረፉ» ነው፣ የማይጠፋ ቀይ «ለሌላው ቦታ ስጡ፣ ዙሩ»፣ ብልጭ የሚል ቀይ «ኤርፖርቱ አደገኛ ነው፣ አትረፉ»። ደግሞ ሄድሴት የሚቀበል የእጅ ሬዲዮ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ባትሪውም የተሞላ ይሁን፤ የብዙዎቹ ሞቶ ነው የሚገኘው።

ሰርኪት ብሬከር ላይ ግን ቀልድ የለም። ብሬከር ጅረት ሲበዛበት ዘሎ መስመሩን የሚቆርጠው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ለበረራው የግድ ካላስፈለገ አትመልሱት። የግድ ካስፈለገም አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃችሁ፤ ጭስ ወይም ሽታ ካለ በጭራሽ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2007 ፍሎሪዳ ሳንፎርድ ውስጥ አንድ ሴስና 310 ቤት ላይ ወድቆ አውሮፕላኑ ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎችና መሬት ላይ ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ልጆች ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው በረራ የአየር ሁኔታ ራዳሩ ተበላሽቶ የሽቦ መቃጠል ሽታ ነበር። አብራሪው ብሬከሩን ነቅሎ፣ ሽታው ቆሞለት፣ ብልሽቱን መዝግቦታል። ሳይጠገን በማግስቱ ለበረራ ተለቀቀ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ጣቱን የቀሰረው የታወቀ፣ የተጻፈ ብልሽት ይዞ አውሮፕላኑ እንዲነሳ በፈቀዱትም፣ ባበረሩትም ላይ ነው።

ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እዚያ ቢያንስ ተጽፏል። እኛ ጋ ብዙው አይጻፍም። አንድ ወጣት አስተማሪ አለ፣ የእኛው ልጅ፣ ጎበዝ። የሚያበረው አውሮፕላን ላይ ኮም 1 ለሳምንታት ይቆራረጥ እንደነበር በወሬ መሃል አመለጠው። «ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ብጽፈው አውሮፕላኑ ይቆማል። አውሮፕላኑ ከቆመ ተማሪዬ ይሰርዛል። ተማሪው ከሰረዘ ዛሬ ባዶ እጄን ነው የምገባው።»

ምን ልበለው? ልክ ነው። ብዙ የበረራ አስተማሪ የሚከፈለው ሞተሩ ለሰራበት ሰዓት ነው። ጧት አንድ ሰዓት ይመጣል፣ ጉም አለ፣ ይጠብቃል። ተማሪ ይቀራል፣ ይጠብቃል። አውሮፕላን ይበላሻል፣ ይጠብቃል። ማታ ሁለት ሰዓት ሲወጣ የተከፈለው ለአራት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሕጉ አስተማሪ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ የበረራ ትምህርት እንዳይሰጥ ይከለክላል። የሚቆጥረው ግን በረራውን ነው እንጂ ውሎውን አይደለም። የመንገደኛ አየር መንገድ አብራሪዎች ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ ከሥራ በፊት የ10 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8 ሰዓት ያልተቋረጠ የመኝታ ዕድል በሕግ አላቸው። አስተማሪው ጋ ይሄ ሕግ አይደርስም።

ለምን ይችለዋል ካላችሁ ሰዓት እየቆጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 ቡፋሎ አጠገብ 50 ሰው ካለቀበት አደጋ በኋላ ኮንግረስ ሕግ አወጣ፤ ከኦገስት 2013 ጀምሮ በአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን እንኳን በመደበኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ገንዘብ የሌለው ሰው ያንን የሚሞላው በማስተማር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የተሰረዘ በረራ ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል፦ የዛሬ ዳቦውንም፣ የነገ ሥራውንም። በዚያ ላይ ሐምሌ ላይ ሙቀቱ፣ የፒስተን ሞተር ጩኸት ከ85 ዴሲቤል በላይ ቀኑን ሙሉ ጆሮ ላይ፣ ምሳ ከማሽን የወጣ ብስኩት። ጩኸት የሚቀንስ ሄድሴት ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከምትገዙት ሁሉ እሱን አስቀድሙ፤ የሄደ ጆሮ አይመለስም፣ የሕክምና ፈተናውም ያያል።

እኔ ልጁን አልተቆጣሁትም። ይልቅ አንድ ነገር አሳየሁት፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው እዚህም ልጻፈው። የተጻፈ ብልሽት ሁሉ አውሮፕላን አያቆምም። ለዚያ በረራ በሕግ የማያስፈልግ ዕቃ ከሆነ በሥርዓቱ ከሥራ ውጭ ተደርጎ፣ «አይሰራም» የሚል ምልክት ተለጥፎበት፣ ተመዝግቦ፣ አብራሪው ደህና ነው ብሎ ከወሰነ መብረር ይቻላል። ኮም 2 ጤነኛ ከሆነ ኮም 1 ተዘግቶ በጠራ ቀን ማስተማር ብዙ ጊዜ ይቻላል። የሚያቆመው ድንገት መሃል ላይ ሲገኝ ነው። ቀደም ብሎ በዝርዝር ከተጻፈ እኔ ማታ አውሮፕላኑ ሲመለስ እሰራዋለሁ። ያኛው ኮም 1 መደርደሪያው ውስጥ በደንብ አልተቀመጠም ነበር፤ ፊቱ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በአለን ቁልፍ ተፈቶ፣ የኋላ ኮኔክተሩ ተጸድቶ፣ ተመልሶ ሲጠበቅ አለቀ። ለነገሩ ይህንን ባለቤት የሆነ አብራሪ ራሱ ሊሰራው ሕግ ይፈቅድለታል፣ ካሳየው ሰውና ከመመሪያው ጋር፣ መዝግቦም። ትራንስፖንደርን ግን አይፈቅድም፤ እሱን አትንኩ።

ለማስተማር ሥራ ስትጠይቁ የሰዓት ክፍያውን ብቻ አትጠይቁ፤ ሁሉም የሚነግራችሁ እሱን ነው። አውሮፕላን ሲቆም ለመሬት ትምህርት ይከፈላል? ቅድመ በረራና ከበረራ በኋላ ያለው ገለጻስ? አውሮፕላን እንዲቆም የሚወስነው ማን ነው፣ መካኒኩ ወይስ ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው? መልሱን ከሥራ አስኪያጁ ስትሰሙ አመስግኑና ውጭ የቆሙትን አስተማሪዎች ደግማችሁ ጠይቁ። የብልሽት መዝገቡንም አሳዩኝ በሉ። ከጧት እስከ ማታ የሚበር አሮጌ ሴስና ለሦስት ወር አንድም ነገር ካልተጻፈበት፣ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉ።